የተጠረጠረች ድመት፦ በእንጦጦ ግርጌ የእብድ ውሻ በሽታ ምርመራ ታሪክ

በአዲስ አበባ ድመት ወደ ላቦራቶሪ ደጃፍ የደረሰችው ሰው ነክሳ ወይም ቧጭራ በእብድ ውሻ በሽታ ስለተጠረጠረች ነው። በከተማዋ የበሽታው ታላቅ ወረርሽኝ ተመዝግቦ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው ሐኪም አዴልኪ ኔግሪ በታመሙ እንስሳት የአንጎል ሕዋስ ውስጥ በአጉሊ መነጽር የሚታዩና በስሙ የተጠሩ ምልክቶችን አገኘ፤ ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ ከተጠረጠረው እንስሳ አንጎል የተዘጋጀ ፈሳሽ ጥንቸል ላይ ወግቶ ለሳምንታት መጠበቅ ነበር። ይህ ግኝት ለአዲስ አበባ ሰው ወዲያው አልጠቀመም። የተነከሰው ሰው ወደ መድኃኒት አዋቂ ወይም ወደ ጠበል ይሄድ ነበር፤ እንስሳው ደግሞ በዱላ ይገደል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፈረንሳዩ ፓስተር ተቋም ጋር በተደረገ ስምምነት በጉለሌ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነውና ሰፈሩን ፓስተር ያሰኘው ተቋም ሥራ ሲጀምር ያ ዱላ እንቅፋት ሆነ፤ ምርመራው ያልተጎዳ አንጎል ስለሚፈልግ፣ የራስ ቅሉ ከተሰባበረ እንስሳ የሚወሰደው ናሙና እምብዛም አይረባም። እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ የተስፋፋው፣ ቫይረሱን በሚያበራ ቀለም የሚያሳየው ዘዴም ቢሆን አንጎልን የሚመረምር እንደመሆኑ የድመቷን ሞት ይጠይቃል።

በእንጦጦ ግርጌ ምሥራቃዊ ወገን፣ በሲግናልና በየካ መንደሮች፣ ለአይጥ ተብላ የምትያዝ ድመት ሌሊቱን ውጭ ታድራለች፤ ከባሕር ዛፉ ጫካ የሚወርዱ ጅቦችና ባለቤት አልባ ውሾችም በዚያው ሰዓት ስለሚንቀሳቀሱ ምን እንደነከሳት ማንም አያይም። እንዲህ ያለችዋ ድመት ሰው ስትነክስ፣ ጤነኛ እስከመሰለች ድረስ፣ የሚመረጠው ምርመራ ሞቷን የማይጠይቀው የ10 ቀን ክትትል ነው፤ በነከሰችበት ሰዓት ቫይረሱ በምራቋ ውስጥ ከነበረ በነዚህ ቀናት ምልክቱ ታይቶባት ትሞታለችና። የተነከሰው ሰው ግን ውጤቱን ሳይጠብቅ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ክትባቱን ይጀምራል።

እዚህ ላይ ድመቷን ማረጋጋት የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምርመራው ራሱ በእርሱ ላይ ይቆማል። በማዳበሪያ ከረጢት ታፍና የመጣችና ሰው በሚመላለስበት ክፍል የተዘጋባት ድመት ትደበቃለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ሰው ሲቀርባት ትቧጭራለች፤ እነዚህ ሁሉ ከበሽታው ምልክቶች ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። ካመለጠች ደግሞ ክትትሉ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል። ጸጥ ያለ ክፍል፣ መደበቂያ ካርቶን፣ የአሸዋ ሳጥን፣ ምግቡን የሚያቀርብ አንድ ሰው የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ ወደ ኅብረቱ አገሮች የምትሄድ ድመት ክትባቱ ደሟ ውስጥ መሥራቱ እንዲለካ ሲጠየቅ፣ ሕያው ድመትን የሚመለከት ሌላ ምርመራ ተጨመረ፤ ዝቅተኛው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ደም ለመውሰድ ማጅራቷን ጨምድዶ መያዝ የቆየ ልማድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ የድመት አያያዝ መመሪያ ግን ድመቷን በፎጣ ጠቅልሎ አንድ እግር ብቻ ማውጣትን የመሰለ ለስላሳ አያያዝን ይመርጣል።  የደም ናሙናው ድመቷ ከተከተበች ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ተወስዶ ኅብረቱ ፈቃድ ወደሰጠው ላቦራቶሪ ይላካል፤ ድመቷም ለመጓዝ ደሟ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ትጠብቃለች።