የሐረር «የሕንድ ቤቶች»፦ ማን ሠራቸው? ወረቀቶቹስ?

ከሐኪም ጋራ ጀጎልን ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋ አንድ ወጥ ትመስለዋለች። ውስጧ ሲገቡ ግን ባለ ፎቅ፣ ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶች ያጋጥማሉ። «የሕንድ ቤት» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ከተማዋ ገቡ። ነባሩ የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል። የእነሱ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ በረንዳው መንገዱን ወይም ግቢውን ያያል። ቆይቶ ሁለቱ ተዳቀሉና ሦስተኛ ዓይነት ቤት መጣ።

ሁላችንም ፎቶ የምንነሳበት «የራምቦ ቤት» እንኳ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ እዚያ ቤት ውስጥ አልኖረም ይባላል፤ ስሙ ግን ለእሱ ሆነ። ያሠራውን ሰው ስም የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

እዚህ ላይ ሞሪሸስን እናንሳ። ባርነት ሲቀር እንግሊዞች ለሸንኮራ እርሻው ከሕንድ የውል ሠራተኞች አስመጡ። ከ1834 እስከ 1920 ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በአፕራቫሲ ጋት ወደብ በኩል ገብቷል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው፣ ስሙ በመዝገብ ሰፈረ፣ በኋላም ፎቶው ተጨመረ። መዝገቡ የተያዘው ለቁጥጥር ነበር፤ ዛሬ ግን የልጅ ልጆች አያታቸውን የሚፈልጉት እዚያው ላይ ነው። ዩኔስኮ ወደቡን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2006 ሲሆን ሐረር ጀጎልም የተመዘገበችው በዚያው ዓመት ነው።

የሐረር ሕንዶች የውል ሠራተኞች ሳይሆኑ በራሳቸው ገንዘብ የሚነግዱ ነበሩ። ማንም ቁጥር ሰጥቶ አልመዘገባቸውም። ታሪካቸው ያለው በሱቅ ደብተር፣ በደብዳቤና በውል ወረቀት ነው፤ እሱ ደግሞ ሱቁ ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል። ትልቁ የሕንድ ድርጅት መሐመድአሊ ኩባንያ እንኳ በ1937 በፋሺስት ጣሊያን ከአገር ተባሯል።

ተስፋ የሚሰጠው አብዱላሂ ሸሪፍ ያደረጉት ነው። የድሮ የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲምና የዘፈን ቅጂ ከየቤቱ እየሰበሰቡ መጀመሪያ በራሳቸው ቤት አስቀመጡ፤ የተጎዳ መጽሐፍ ለመጠገን ብለውም የመጽሐፍ ድጉሰት ተማሩ። ስብስቡ አሁን ያለው በራስ ተፈሪ ቤት ነው። እሱንም ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው እኮ!

እናንተም ቤት ሳጥን ውስጥ የቆየ ውል፣ ደረሰኝ ወይም ፎቶ ካለ ላሚኔት አታስደርጉት፣ በፕላስተርም አትለጥፉት። በቀን ብርሃን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሱት። ከዛ አያታችሁ ዘንድ ቁጭ በሉና «ይሄ ማነው? የት ሱቅ ነበረው?» እያላችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ፎቶው ላይ ስም መጻፍ ካስፈለገ ከጀርባው በእርሳስ፣ ቀስ ብላችሁ ነው፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይዘልቃል።