የቦስተን ሰዎች ነፍጣቸውን ስለ ማስረከባቸው

በአውሮጳ አቆጣጠር በ1775 ዓ.ም.፣ ሣልሳዊ ጊዮርጊስ በእንግሊዝ ነግሦ ሳለ፣ የማሳቹሴትስ ገዢ ጄኔራል ቶማስ ጌጅ ነበረ። እርሱም በኮንኮርድ ባሩድና መሣሪያ መከማቸቱን ሰምቶ በኤፕሪል 18 ሌሊት 700 ያህል ወታደር ሰደደ። በማግስቱ በሌክሲንግተን 8 ባላገሮች ወደቁ። ወታደሮቹም ሲመለሱ ከየድንጋይ አጥሩ ጀርባ እየተተኮሰባቸው 73 ሞቱ። የየመንደሩ ነፍጠኛ ተከትሎ መጥቶ ቦስተንን ከበበ።

ጌጅም ከውጭ ከከበበው ይልቅ በውስጥ ያለው ሕዝብ ከኋላዬ ይነሣብኛል ብሎ ፈራ። የከተማውን ተመራጮች ጠርቶ ቃል ተጋቡ፦ ሕዝቡ መሣሪያውን የባለቤቱን ስም እየጻፈ በፋንዩል አዳራሽ ያኑር፤ መውጣት የወደደም ቤተሰቡንና ዕቃውን ይዞ ይውጣ። ሕዝቡ ተሰብስቦ መከረ፣ ቃሉንም ተቀበለ። እስከ ኤፕሪል 27 የገባው ሲቆጠር 1,778 ነፍጥ፣ 634 ሽጉጥ፣ 973 ሳንጃ፣ 38 አፈ ሰፊ አጭር ነፍጥ ሆነ። ከተማዪቱ በደኅናው ቀን ከ15,000 ሰው ብዙም የማታልፍ ነበረችና አንባቢ ቁጥሩን ያስተውል።

ከዚህ በኋላ የንጉሡ ወገኖች፣ ሕዝቡ ከወጣ ዐማፅያን ከተማውን ያቃጥሉታል ብለው ጌጅን መከሩት። እርሱም ቃሉን አጠፈ። አስቀድሞ የይለፍ ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ ኋላ ዕቃ ከለከለ፤ ኋላም ሰውን ያዘ። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከወላጁ ተለያየ። ለባለቤቱ ይጠበቃል የተባለውንም መሣሪያ በወታደር አስያዘው። ገዢው እርሱ፣ የጦር አዛዡም እርሱ ነበረና አቤት የሚባልበት ደጅ አልተገኘም። የከተማው ሰው የሞኝነት ሥራ ሠራ የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን በረኀብ የተያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ መያዣ ከወዴት ያመጣ ነበር?

በጁላይ 6 በፊላደልፊያ የተቀመጠው የአሜሪካ ግዛቶች ጉባኤ የጦር ምክንያቱን ሲያውጅ ይህንን ክዳት በስሙ ጠርቶ ጻፈው። ነገር ግን ያው ጉባኤ በማርች 14 ቀን 1776፣ እንግሊዞች ቦስተንን ለቀው ሊወጡ 3 ቀን ሲቀራቸው፣ ለአገር መከላከያ ማኅበር አንገባም ያሉትን ሁሉ መሣሪያቸውን ግፈፉ ብሎ ለየግዛቱ መከረ። ዜና ጸሓፊ ይህን ሊሸሽገው አይገባም።

በዲሴምበር 15 ቀን 1791 የሕዝብ መሣሪያ የመያዝ መብት እንዳይጣስ የሚል አንቀጽ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። በቨርጂኒያ ግን ባሪያ ነፍጥ እንዳይዝ የሚከለክለው ሕግ እንደ ነበረ ቆየ።