የፈረስ መወጣጫ

የፈረስ መወጣጫ ጋላቢው በቀላሉ ኮርቻ ላይ እንዲወጣ የሚረዳ፣ ከድንጋይ፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራ አጭር ደረጃ ነው።

ጥቅም

ጋላቢው ከመሬት ተነሥቶ ሲወጣ ክብደቱ በአንድ እርካብ ላይ ያርፋል። ኮርቻው ወደ ጎን ስለሚሳብ የፈረሱን ትከሻና ጀርባ ይጫናል፤ ይህም ሲደጋገም ጀርባውን ሊያሳምም፣ የእርካቡንም ጠፍር ሊያስረዝም ይችላል። መወጣጫው ይህን ጫና ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም።

ታሪክ

በጥንታዊት ግሪክና በጥንታዊት ሮማ እርካብ ስላልነበረ ፈረሰኛው ዘሎ ወይም በሰው ተደግፎ ይወጣ ነበር። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ ሮማዊው ጋዩስ ግራኩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን መንገድ ሲያሠራ፣ ጋላቢዎች ያለ ረዳት እንዲወጡ በግራና በቀኝ ድንጋዮች አስተክሏል። እርካብ ከተስፋፋ በኋላም መወጣጫው አልቀረም፤ በእንግሊዝ አገር በአንዳንድ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትና የእንግዳ ማረፊያዎች ደጃፍ የድንጋይ መወጣጫዎች ዛሬም ይታያሉ።

አጠቃቀም

መወጣጫው በደልዳላ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የኮርቻው የሆድ ማሰሪያ መጥበቁም ይረጋገጣል። ፈረሱ በግራ ጎኑ ወደ መወጣጫው ተጠግቶ ይቆማል። ጋላቢው ደረጃው ላይ ቆሞ ዛቡን ይይዛል፤ ግራ እግሩን እርካብ ውስጥ ያስገባና ቀኝ እግሩን የፈረሱን ዳሌ ሳይነካ አሻግሮ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። አንድ እግር በደረጃው፣ ሌላው በእርካቡ ሳለ ፈረሱ ከተራመደ ጋላቢው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ፈረሱ በመወጣጫው አጠገብ ጸጥ ብሎ መቆምን አስቀድሞ መልመድ አለበት።