ባልድዊን ሂልስ፦ በሎስ አንጀለስ መሀል የዱር እንስሳትን የሚያስተዋውቁ የእግር ጉዞዎች

በሎስ አንጀለስ ከተማ ከፌርፋክስ ጎዳና፣ የከተማዋ ምክር ቤት በአውሮፓውያኑ 2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ከሰየመው ሠፈር ተነስቶ ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው፣ ከሜዳው ብድግ ያሉ ኮረብታዎች ይታዩታል። ባልድዊን ሂልስ ይባላሉ። ከፍታቸው 150 ሜትር ገደማ ነው። በመኖሪያ ቤቶች፣ በአውራ ጎዳናዎችና በነዳጅ ጉድጓዶች የተከበቡ ቢሆኑም፣ ቀበሮ፣ ጥንቸል፣ እባብ፣ ጭልፊትና ልዩ ልዩ አእዋፍ ዛሬም ይኖሩባቸዋል። ይህን ሕይወት ለነዋሪዎች ለማስተዋወቅ የተፈጥሮ ገለጻዎችና በአስጎብኚ የሚመሩ የእግር ጉዞዎች ይካሄዳሉ።

ቦታው እንዴት ተረፈ?

የባልድዊን ሂልስ ታሪክ የውኃና የነዳጅ ታሪክ ነው። የኢንግልዉድ የነዳጅ መስክ በ1924 የተገኘ ሲሆን፣ በአሜሪካ በከተማ ውስጥ ከሚገኙት ትልልቅ የነዳጅ መስኮች አንዱ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 1963 ደግሞ በኮረብታው ላይ የነበረው የውኃ ግድብ ተደርምሶ አምስት ሰዎች ሞቱ፤ 277 ቤቶችም ወደሙ። ግድቡ ዳግም አልተሠራም። ውኃው የነበረበት ጎድጓዳ ስፍራ ዛሬ ለምለም መስክ ሆኖ፣ በቀድሞው የአውራጃው አስተዳደር አባል በኬኔት ሃን ስም በተሰየመው የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ይገኛል።

ከ2000 ወዲህ የካሊፎርኒያ ግዛት ለኮረብታዎቹ ጥበቃ የሚቆም ተቋም አቁሟል። በ2001 በስፍራው ሊተከል የነበረ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በነዋሪዎች ተቃውሞ ቀርቷል። ቤቶች ሊሠሩበት ታስቦ የነበረው ሌላው ኮረብታም በ2009 የግዛት ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ ተከፍቷል። በ2020 በላ ሲየኔጋ ጎዳና ላይ የእግረኞች ድልድይ ሲጠናቀቅ፣ ከኮረብታዎቹ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚዘልቀው 21 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተገናኘ።

በጉዞው ላይ ምን ይደረጋል?

በ1910 የተመሠረተው የሎስ አንጀለስ ኦዱቦን ማኅበር በኬኔት ሃን ፓርክ የአእዋፍ ጉብኝቶችን ሲያካሂድ ቆይቷል። በአካባቢው ከሚገኘው የዶርሲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋርም የአገሬውን ዕፀዋት መልሶ የመትከል ሥራ ሠርቷል።

እንዲህ ያለው ጉዞ የሚጀመረው ማለዳ ነው፤ አእዋፍ በብዛት የሚንቀሳቀሱትና የሚዘምሩት ያን ጊዜ ነውና። እርምጃው ዝግ ያለ ነው። አስጎብኚው በየጥቂቱ ቆም እያለ፣ ወፊቱ ከመታየቷ በፊት ድምፅዋ እንዲለይ ያደርጋል። ዓይነቱና ብዛቱም ይመዘገባል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ተቋም በ2002 የጀመረው «ኢበርድ» የተባለው የመረጃ ማከማቻ ከመላው ዓለም የሚሰበስበው እንዲህ ያለውን መዝገብ ነው። ተራው ነዋሪ በዚህ መንገድ ለሳይንስ መረጃ ያቀብላል።

ለኢትዮጵያዊ ዓይን የሚያውቀውና የማያውቀው

ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ ብዙው ነገር እንግዳም ዘመድም ነው። በኮረብታው ላይ የሚበቅለው መዓዛማ ቁጥቋጦ ከአሪቲ ጋር አንድ ወገን ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በትግራይ የተስፋፋው በለስ ትውልዱ ከአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዱ በባልድዊን ሂልስ በገዛ አገሩ ይበቅላል። ባሕር ዛፍ ግን በእንጦጦም ሆነ በካሊፎርኒያ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው።

ኮዮቴ የተባለው የዱር ውሻ ከሰሜንና ከባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ጋር በአንድ ወገን ይመደባል። ነገር ግን ቀይ ቀበሮ በከፍታ ቦታ ብቻ ተወስኖ ለመጥፋት ሲቃረብ፣ ኮዮቴ ከከተማ ጋር ተላምዶ ተስፋፍቷል። በአየር ላይ እንደቆመች አበባ የምትመጥጠው ሃሚንግበርድ ደግሞ ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ አትገኝም፤ በኢትዮጵያ የእርሷን ሥራ የሚሠሩት፣ ዝምድና ሳይኖራቸው የሚመስሏት፣ ማር መጣጭ ወፎች ናቸው።

ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

ኮዮቴ ያጋጠመው ሰው መሮጥ የለበትም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማባረር ይገባዋል። የዱር እንስሳን መመገብ እንስሳውን ከሰው ጋር ያለማምደዋል፤ መጨረሻውም ለእንስሳው ሞት ይሆናል። ትንንሽ ውሾችንና ድመቶችን በተለይ ሌሊት ከቤት ማስገባት ይመከራል።

የአይጥ መርዝም ሌላው አደጋ ነው። መርዙን የበላችውን አይጥ የበላ ጭልፊት፣ ጉጉት ወይም ቀበሮ አብሮ ይመረዛል። በዚህ ምክንያት ካሊፎርኒያ በ2020 የአንዳንድ ብርቱ መርዞችን አጠቃቀም የሚገድብ ሕግ አውጥታለች።

የነዳጁ ጉዳይም ገና አልተዘጋም። በ2024 የግዛቲቱ አገረ ገዢ በዚሁ መስክ ጥቂት ነዳጅ ብቻ የሚሰጡ ጉድጓዶች እንዲደፈኑ የሚያስገድድ ሕግ ፈርመዋል። ጉድጓዶቹ ሲደፈኑ መሬቱ ለምን ይውላል የሚለው ጥያቄ የአካባቢው ነዋሪዎች ሁሉ ጉዳይ ነው።

በአገር ቤትስ?

ልማዱ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ገለጻዎችንና የመስክ ጉብኝቶችን ሲያዘጋጅ ኖሯል። ከ800 በላይ የአእዋፍ ዓይነቶች ለሚገኙባት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በሎስ አንጀለስ የሚያድግ ልጅ በባልድዊን ሂልስ አንዲት ወፍ በስሟ መጥራት ከተማረ፣ ወላጆቹ በተወለዱበት አገር ያሉትንም ለማወቅ መጠየቁ አይቀርም። ወላጅም የአማርኛውን ስም ለመንገር የሚያገኘው ጊዜ ይኸው ነው።