የሦስት ጎረቤታሞች የጋራ ውርስ

አዲስ ነጻነት ያገኙ የአፍሪካ መንግሥታት ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ስለ መሆን ብዙ ተናግረዋል፤ ብዙ ውልም ተፈራርመዋል። ከነዚህ ሁሉ መካከል የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ ታሪክ በተለይ ሊመረመር የሚገባው ነው። ይኸውም ሦስቱ አገሮች አንድነትን ከባዶ መጀመር የሚያስፈልጋቸው ስላልነበሩ ነው። ነጻ ከመውጣታቸው አስቀድሞ በአንድ ገንዘብ ይገበያዩ፣ በአንድ የጉምሩክ ሕግ ይተዳደሩ፣ ደብዳቤያቸውንም በአንድ ፖስታ ይላላኩ ነበር። ሰንደቅ ዓላማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ይህ ማሰሪያ ይበልጥ ይጠነክራል ተብሎ ሲታሰብ፣ እየላላ ሄዶ በ1977 ተበጠሰ። ስለምን እንደ ተበጠሰ ከዚህ በታች እንገልጻለን፤ ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ማሰሪያውን የሠራው የአገሩ ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ መንግሥት ከሞምባሳ ወደብ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርሰውን የምድር ባቡር ማሠራት የጀመረው በ1896 ሲሆን፣ ሐዲዱ በ1901 ከሐይቁ ዳር ደረሰ። ለሥራው ከሕንድ አገር ከ30,000 በላይ ሠራተኞች መጥተው ወደ 2,500 የሚሆኑት እዚያው ሞተው ቀርተዋል። መንገዱ የኡጋንዳ ባቡር ተባለ፤ የታሰበው ወደ ኡጋንዳ ለመድረስ ነበርና። በመካከል ያለው፣ በኋላ ኬንያ የተባለው አገር፣ እንደ መተላለፊያ ብቻ ይቆጠር ነበር። ናይሮቢም በ1899 የሐዲድ ሠራተኞች የሰፈሩበት ረግረጋማ ሜዳ ነበረች። የሆነው ግን ከታሰበው ተቃራኒ ነው። መተላለፊያው ዋና ሆነ፤ ዋና የተባለው ዳር ቀረ። ነጮች ሰፋሪዎች ለም የሆነውን ደጋ ያዙ፤ ባንኮቹ፣ የንግድ ቤቶቹና ታላላቆቹ መሥሪያ ቤቶች በናይሮቢ ተሰበሰቡ። የኋላው ጠብ ሥር ከዚህ ይጀምራል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ኬንያና ኡጋንዳ በ1917 ጉምሩካቸውን አንድ አደረጉ። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በጀርመን እጅ የነበረችው ታንጋኒካም በእንግሊዝ ጠባቂነት ሥር ከዋለች በኋላ በ1927 ተጨመረች። በ1919 የተቋቋመው የገንዘብ ቦርድ ለሁሉም ሽልንግ ያወጣ ጀመር፤ በ1948 ደግሞ ባቡሩን፣ ወደቡን፣ ፖስታውንና ሌላውን የጋራ ሥራ የሚመራ አንድ ከፍተኛ ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ፈቃዱን የተጠየቀ የአገር ተወላጅ አልነበረም።

ስለዚህም «ፌዴሬሽን» የሚለው ቃል ራሱ ለሕዝቡ የሚያስፈራ ቃል ሆኖ ነበር። ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የኬንያ ሰፋሪዎች ሦስቱ አገሮች እንዲዋሐዱ ሲወተውቱ፣ ጥቁሩ ሕዝብ ይህ የሰፋሪዎችን አገዛዝ ወደ ጎረቤት ለማስፋት የተሸረበ ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1953 የእንግሊዝ የቅኝ አገሮች ሚኒስትር ኦሊቨር ሊትልተን በሎንዶን በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ወደ ፊት የምሥራቅ አፍሪካ ፌዴሬሽን ሊኖር እንደሚችል ጠቆም አደረጉ። የግብዣ ንግግር ብዙ ጊዜ ከወይኑ ጋር አብሮ የሚረሳ ነው፤ ይኸኛው ግን በቡጋንዳ ትልቅ ሁከት አስነሣ። የቡጋንዳው ካባካ ዳግማዊ ሙቴሳ ከእንግሊዙ ገዥ ጋር ባለመስማማታቸው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወደ እንግሊዝ አገር ተጋዙ፤ ወደ ዙፋናቸው የተመለሱትም በ1955 ነው። ከዚህ በኋላ ለአንድ የቡጋንዳ ሰው ፌዴሬሽን ማለት ንጉሡን ያሳጣው ነገር ማለት ነበር።

ቃሉን ከዚህ ጥላ አውጥተው የአፍሪካውያን አሳብ ለማድረግ የሞከሩት የታንጋኒካው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ ናቸው። በ1960 በአዲስ አበባ በተደረገው የነጻ አፍሪካ አገሮች ሁለተኛ ጉባኤ ላይ አሳባቸውን በጽሑፍ አቀረቡ፤ ኬንያና ኡጋንዳም አብረው ነጻ ወጥተው አንድ መንግሥት የሚሆኑ ከሆነ፣ የአገራቸውን ነጻነት ለማዘግየት እንኳ ዝግጁ መሆናቸውን ገለጡ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። እያንዳንዱ አገር ለየብቻው ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀለ፣ ሚኒስትር ከሾመና አምባሳደር ከላከ በኋላ፣ የተሾመው ሹመቱን ትቶ ወደ አንድነት አይመጣም ማለታቸው ነበር። አሳባቸው ሳይፈጸም ቀረ፤ ታንጋኒካ በ1961፣ ኡጋንዳ በ1962፣ ኬንያም በ1963 መጨረሻ በየተራ ነጻ ወጡ።

ጁን 5 ቀን 1963 ጆሞ ኬንያታ፣ ሚልተን ኦቦቴና ጁሊየስ ኔሬሬ በናይሮቢ ተሰብስበው ዓመቱ ሳያልቅ ፌዴሬሽን እንደሚመሠርቱ አወጁ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበርና፣ የጊዜው መንፈስ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ኮሚቴው ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ጥያቄው በዛ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚቀመጠው አንድ ነው ወይስ ሦስት? ዜግነቱስ? ከውጭ አገር የሚበደረው ማን ነው? ኡጋንዳ በነዚህ ነገሮች የራሷን ሥልጣን ለመልቀቅ አልፈቀደችም። ኦቦቴ የሚገዙት ከካባካው ወገን ጋር ተባብረው ስለ ነበረ፣ ቢፈቅዱም ኖሮ ቡጋንዳ አትከተላቸውም ነበር። ዓመቱ አለቀ፤ ፌዴሬሽኑም አልተመሠረተም። የተገኘው አንድነት ቢኖር ማንም ያልጠበቀው የታንጋኒካና የዛንዚባር ውሕደት ነው፤ ይህም በ1964 ተፈጽሞ ታንዛኒያ የሚለውን ስም አስገኘ።

ብዙ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በመሪዎቹ ጠባይ ላይ ይጭናሉ። እኛ ግን ዋናውን ምክንያት በገበያው ውስጥ እናየዋለን። ፋብሪካው በአብዛኛው በኬንያ ስለ ነበረ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ለኬንያ ከሚሸጡት ይልቅ ከእርሷ የሚገዙት እጅግ ይበልጥ ነበር። የጋራው ቀረጥ የውጭውን ዕቃ ሲያስወድድ፣ የዳሬ ሰላም ሰው የናይሮቢን ዕቃ ይገዛል፤ መንግሥቱም ከውጭ ዕቃ ሊሰበስብ ይችል የነበረውን ቀረጥ ያጣል። ይህን ለማስተካከል በ1964 በካምፓላ በተደረገው ስምምነት ፋብሪካ ተደለደለ፤ የመኪና ጎማ ለታንጋኒካ፣ ብስክሌት ለኡጋንዳ፣ የኤሌክትሪክ አምፑል ለኬንያ ደረሰ። ኬንያ ግን ስምምነቱን ሳታጸድቀው ቀረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የጎማ ፋብሪካ በናይሮቢ፣ ሌላ የጎማ ፋብሪካ በአሩሻ ተተክለው ለአንድ ገበያ ይሻሙ ጀመር። በ1966 ገንዘቡም ሦስት ሆነ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በጁን 1967 በካምፓላ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የተመሠረተበት ውል መፈረሙ ሊያስመሰግናቸው ይገባል። ውሉ በጥሩ አእምሮ የታሰበ ነበር። ዋናው ጽሕፈት ቤት በአሩሻ፣ የባቡሩና የአየር መንገዱ በናይሮቢ፣ የወደቦቹ በዳሬ ሰላም፣ የፖስታውና የልማት ባንኩ በካምፓላ ተደለደለ። በንግዱ የተጎዳው አገር አዲስ ኢንዱስትሪውን ለመጠበቅ ከጎረቤቱ በሚመጣው ዕቃ ላይ ልዩ ግብር እንዲጥል ተፈቀደለት። አዲስነቱ የሳባቸው ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ዛምቢያና ቡሩንዲም በማኅበረሰቡ ለመግባት ጥያቄ አቅርበው ነበር። ነገር ግን በላይ ያለው ሥልጣን የሦስቱ ርእሳነ ብሔር ስብሰባ ሲሆን፣ አንዱ ካልተስማማ ወይም ካልተቀመጠ ሥራው ይቆማል።

በጃንዩዋሪ 1971 ጄኔራል ኢዲ አሚን ኦቦቴን ገልብጠው ሥልጣን ያዙ። ኔሬሬ ኦቦቴን በአገራቸው አስጠግተው ከአሚን ጋር በአንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ መሪዎች በማኅበረሰቡ ጉዳይ አብረው አልተሰበሰቡም። የባቡሩና የአየር መንገዱ ገንዘብ በተሰበሰበበት አገር እየተያዘ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መላኩ ቀረ። በ1977 መጀመሪያ የጋራው አየር መንገድ አይሮፕላኖች ቆሙ፤ ኬንያ የራሷን አየር መንገድ አቋቋመች፤ ታንዛኒያም በፌብሩዋሪ ከኬንያ የሚያዋስናትን ድንበር ዘጋች። ለአዲሱ ዓመት በጀት ስላልተገኘ በጁን መጨረሻ ማኅበረሰቡ ፈረሰ።

ድንበሩ እስከ 1983 ተዘግቶ ኖረ። ከሁለቱም ወገን የሚኖረው ማሳይ አንድ ሕዝብ ነው፤ ነጋዴውም ከሁለቱም ወገን ዘመድ ነበረው። ከሴሬንጌቲ ወደ ማሳይ ማራ በየዓመቱ የሚሻገረው የዱር እንስሳ ብቻ ፓስፖርት ሳይጠየቅ አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው፣ ወንድማማቾች ርስት ሳይከፍሉ አብረው ሲያርሱ ኖረው ከተጣሉ በኋላ ሽማግሌ እንደሚጠሩት ያለ ነው። ሽማግሌው ቪክቶር ኡምብሪኽት የተባሉ የስዊስ ዲፕሎማት ነበሩ። ሎኮሞቲቩን፣ ሕንጻውን፣ መርከቡንና ዕዳውን ሲቆጥሩ ዓመታት አልፈው፣ በሜይ 1984 በአሩሻ በተፈረመው ስምምነት ለኬንያ 42 ከመቶ፣ ለታንዛኒያ 32 ከመቶ፣ ለኡጋንዳ 26 ከመቶ ደረሰ። ሎኮሞቲቭ መቁጠር ይቻላል፤ የሠራተኛው ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ዕድሜውን በጋራው ባቡርና በጋራው ፖስታ የፈጸመው ሠራተኛ፣ ቀጣሪው መንግሥት ከካርታ ላይ ጠፍቶበት ጡረታውን ከማን እንደሚጠይቅ ግራ ገባው። በታንዛኒያ የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ገንዘባቸውን በፍርድ ቤት ሲጠይቁ 2000ዎቹ ዓመታት ደርሰው ነበር።

በኖቬምበር 1999 ሦስቱ መንግሥታት በአሩሻ እንደ ገና ውል ፈረሙ፤ በኋላም ሩዋንዳና ቡሩንዲ፣ ከዚያም ደቡብ ሱዳን፣ ኮንጎና ሶማሊያ ተጨመሩ። በ1963 ከሁሉ አስቀድሞ ይምጣ የተባለው ፌዴሬሽን በአዲሱ ውል ከጉምሩክ አንድነት፣ ከጋራ ገበያና ከጋራ ገንዘብ ኋላ ተቀምጧል። የጉምሩኩ አንድነት በ2005 ሥራ ሲጀምርም፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ዕቃ ወዲያው ያለ ቀረጥ ወደ ኬንያ እንዲገባ ተፈቀደ፤ ከኬንያ ወደ ሁለቱ አገሮች በሚላኩ በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የነበረው ቀረጥ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ እንዲቀር ተደረገ።