የሐረግ ድጋፍ

የሐረግ ድጋፍ ራሳቸውን ችለው መቆም የማይችሉ የጓሮ ተክሎች ወደ ላይ እንዲያድጉ በአጠገባቸው የሚቆም እንጨት፣ ቀርከሃ፣ ጭራሮ ወይም ሌላ ተክል ነው። ድጋፍ ያገኘ ሐረግ ቅጠሉ ብርሃንና አየር ያገኛል፤ ፍሬውም መሬት ላይ ስለማያርፍ ቶሎ አይበሰብስም።

አወጣጥ

ድጋፉ የሚመረጠው እንደ ተክሉ አወጣጥ ነው። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ሐረጎች እንቅስቃሴ ባሳተመው ጥናት ግንዳቸውን የሚጠመጥሙትን በክር ከሚይዙት ለይቷል። አደንጓሬ ከመጀመሪያዎቹ ነው፤ ከላይ ሲታይ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ይዞራል፤ ልጡ ያልተላጠ፣ 2 ሜትር ያህል የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃዋል። አተር ግን ከቅጠሉ ጫፍ በሚወጡ ቀጫጭን ክሮች ስለሚይዝ ወፍራም ችካል አይጠቅመውም፤ ቅርንጫፉ የበዛ ጭራሮ ይሻለዋል። ቲማቲም በራሱ አይወጣም፤ ግንዱ እንዳይታነቅ ላላ ተደርጎ መታሰር አለበት።

አሠራር

ሥር እንዳይቆረጥ እንጨቱ ከዘር በፊት ወይም አብሮ ይተከላል። ነፋስ በሚበዛበት ቦታ 3 ወይም 4 እንጨቶችን ከታች አራርቆ፣ ጫፋቸውን በልጥ ወይም በቃጫ ማሰር ከአንድ ችካል ይጠነክራል። ቀርከሃ 3 ዓመት ሳይሞላው ከተቆረጠ በቶሎ ይነቅዛል። እንደ ኮርችና ግራዋ ያሉት ደግሞ እርጥብ ቁራጫቸው ሥር ሊሰድ ይችላል፤ ሕያው ድጋፍ ካልተፈለገ አድርቆ መትከል፣ ከተፈለገም ጥላው እንዳይበዛ መመልመል ያስፈልጋል። ያለፈው ዓመት ሐረግ በእንጨቱ ላይ ከቀረ በሽታ ሊያቆይ ስለሚችል ይነሳል።

ተክል ለተክል

በኢትዮጵያ ደጋ አተርና ባቄላ ተደባልቀው ሲዘሩ የባቄላው አገዳ አተሩን ይደግፋል። በጎጃም አደንጓሬ በበቆሎ ላይ ይወጣል። በመካከለኛው አሜሪካም በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ አብረው የሚዘሩበት ጥንታዊ ልማድ አለ። ቁም ነገሩ ጊዜው ነው፦ አደንጓሬው በቆሎው ሳይጠነክር ከተዘራ ጎትቶ ይጥለዋል።

እንዲህ ያለው ዘዴ እንጨት ያተርፋል። ሐረግ ቦሎቄ በስፋት በሚመረትባት ሩዋንዳ የድጋፍ እንጨት እጥረት የገበሬው ዋና ችግር ነው፤ ብዙዎች የዝሆን ሣር አገዳ ይጠቀማሉ፤ እሱ ግን ቶሎ ስለሚበሰብስ በየጊዜው መተካት አለበት።