በየካና በእንጦጦ ተራሮች ስላሉት ባድማዎች

ሰው የኖረበት ስፍራ ባድማ በኾነ ጊዜ ጋኔን ይገባበታል ማለት በኢትዮጵያ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ13ኛው ምዕራፍ የባቢሎንን ጥፋት ሲናገር፥ ያች ታላቅ ከተማ የአራዊትና የአጋንንት መፈንጫ እንደምትኾን ገልጿል። ሌጌዎን ያደረበት ሰው ቤቱ በመቃብር መካከል እንደ ነበረ ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፏል። አባ እንጦንስም አስቀድሞ በመቃብር፥ በኋላም በምድረ በዳ በነበረ አሮጌ ምሽግ ገብቶ ከአጋንንት ጋራ እንደ ታገለ ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ ይነበባል።

በአገራችንም ልማድ ዋሻና ምንጭ፥ ፍርስራሽና ታላቅ ዛፍ ያለ ባለቤት አይቀሩም ይባላል። አንዱ ቆሌ አለው ይላል፤ ሌላው አድባር ነው ይላል፤ እናትም ልጅዋን በቀትር ወደዚያ እንዳይሄድ ትከለክለዋለች። በአዲስ አበባ ሰሜንና ምሥራቅ የሚታዩት የየካና የእንጦጦ ተራሮች ከዚህ ልማድ የወጡ አይደሉም። ነገር ግን መንገደኛ የሚፈራቸውን ስፍራዎች ቀርቦ የመረመረ ሰው፥ ፍርሃቱ ባረፈበት ድንጋይ ሥር የተረሳ ታሪክ ተኝቶ ያገኛል።

ከነዚህ ስፍራዎች አንዱ በየካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ነው። ስሙ ዋሻ ይባል እንጂ ተፈጥሮ የሠራው ጉድጓድ አይደለም፤ የሰው እጅ ከአንድ አለት ፈልፍሎ ያወጣው ቤተ መቅደስ ነው። የአገሩ ትውፊት ሥራውን ለአብርሃና ለአጽብሐ ይሰጣል፤ የሕንፃ ጥናት ዐዋቂዎች ግን ከላስታ አብያተ ክርስቲያናትና ከአዳዲ ማርያም ጋራ እያስተያዩ ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ጣራው ወድቆ፥ ዐምዱና ግድግዳው በዛፍ ጥላ መካከል ቆሞ ሲታይ የሚያስፈራ መኾኑ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው፥ ቅዳሴ የተሰማበት ቤት ዝም ባለ ጊዜ የጋኔን ማደሪያ ተብሎ መጠርጠሩ ነው።

ሁለተኛው በእንጦጦ ጫፍ ላይ ያለው የድንጋይ ፍርስራሽ ነው። ይህ ስፍራ የዐፄ ዳዊት ከተማ ነበረ የሚሉ አሉ፤ የዐፄ ልብነ ድንግል ነበረ የሚሉም አሉ። ፊተኛው ንጉሥ ከ1374 እስከ 1405፥ ኋለኛው ከ1500 እስከ 1532 ዓመተ ምሕረት የነገሡ ናቸው። በዚያው ዘመን በራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ እንደ ነበረች የሚመሰክረው፥ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኵሴ በ1450 ዓመተ ምሕረት ገደማ የሣለው የዓለም ካርታ ነው። ይህ መነኵሴ የኢትዮጵያን ምድር አላየም፤ የሠራውን የሠራው ከኢትዮጵያ ወደ አገሩ የመጡ መነኰሳት የነገሩትንና በእጃቸው ሥለው ያሳዩትን ተቀብሎ መኾኑን እርሱ ራሱ በካርታው ላይ ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝ በ2001 ዓመተ ምሕረት ገደማ ባወጡት ጥናት፥ በራራ በየረርና በወጨጫ ተራሮች መካከል እንደ ነበረች አስረድተዋል፤ ይህም አዲስ አበባ የተቀመጠችበት ምድር ነው።

ከተማዪቱ ስለ ምን ጠፋች? በ1521 ዓመተ ምሕረት በሽምብራ ኵሬ የልብነ ድንግል ሠራዊት ድል በኾነ ጊዜ፥ የግራኝ አሕመድ ጦር በሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና አብያተ መንግሥት ላይ ተሰማራ። ግራኝ በ1535 ቢሞትም የነገሥታቱ መኖሪያ ወደ ሰሜን ሄደ፤ በ1628 ገደማም ጐንደር ተቈረቈረች። እንግዲህ የሸዋው ከተማ ስሙ እንኳ ከአፍ ጠፋ። ስሙን የጠበቀው በባዕድ አገር ያለ ብራና ኾነ፤ በአገሩ ላይ የቀረው ድንጋዩና ፍርሃቱ ብቻ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ የአባቶቻቸውን ከተማ ፍለጋ ወደ እንጦጦ በወጡ ጊዜ ባድማውን አልሸሹትም፤ እንደ አባ እንጦንስ ገብተው ተቀመጡበት። የእንጦጦ ማርያምንና የእንጦጦ ራጉኤልን አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ፤ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓመተ ምሕረትም በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ነገር ግን ብርዱ ስለ በረታ፥ እንጨቱም ስላነሰ፥ እቴጌ ጣይቱም የፍል ውኃውን ሜዳ ስለ ወደዱ፥ በ1879 የተቈረቈረችው አዲስ አበባ ከተማውን ወደ ታች ሳበችው። ጋኔን ይፈራበት የነበረው ተራራ ግን ዛሬ ጋኔን ይወጣበታል ተብሎ ድውዮች የሚጠመቁበት ጠበል ያለበት ኾኗል።

እንዲህ ከኾነ የጥንቱን ወሬ አላዋቂነት ነው ብሎ መናቅ ይገባልን? አይገባም። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን «ወርቁን ያዝ፥ ሰሙን ጣል» ብሎ አያስተምረውም፤ ሰም ከሌለ ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ የለምና። የቆሌው ወሬ ሰም ነው፤ በራራና ዋሻ ሚካኤል ወርቅ ናቸው። ይልቁንም ይህ ሰም አጥር ኾኖ አገልግሏል። ከሚፈራው ስፍራ ድንጋይ አንሥቶ ለቤቱ መሠረት የሚያደርግ፥ ዛፉንም ቈርጦ የሚያነድ አይገኝምና።

ዛሬ ይህ አጥር ፈርሷል። ከተማው እየሰፋ ወደ ተራራው ወጥቷል፤ በ2013 ዓመተ ምሕረትም የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ በሰፊ መንገድ ብዙ ሰው ይመላለሳል። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ መንገደኛው ግን ፍርሃቱን ከጣለ በኋላ በምትኩ የያዘው ምንድር ነው? ጋኔን አለ ሲባል የሚሸሽ ሰው ድንጋዩን ባያውቀውም አይነካውም፤ ጋኔን የለም ብሎ የማያውቅ ግን ሳያውቅ ያፈርሰዋል። ዕውቀት ያልተተካበት የፍርሃት መወገድ ከፍርሃቱ ይልቅ ይጐዳል።

ስለዚህ በዚያ አካባቢ ያሉ ካህናት የየቦታውን ትውፊት ከሽማግሎች አፍ ሳይዘገይ ይጻፉት፤ የተማሩትም ድንጋዩን ይለኩ፥ ይሣሉ፥ ይመዝግቡ። ለፍራ ማውሮ የአገራቸውን ሥዕል በእጃቸው ያሳዩት መነኰሳት ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላደረጉም፤ የበራራ ስም ግን በእነርሱ ተርፏል።